የት ነው የፈታሽው?

ሚያዝያ 3

ለጋሽ ቋጠሮ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጆሮዎስ እንዴት ነው? በስልክ አንዱን ሰምተው ሌላውን እየገመቱ መልስ እንደማይሰጡ ስለነገሩኝ አልደወልኩም። ግን ይፍቀዱልኝና ልማረር፦ አንድ ጥያቄ ዘጠኝ ቀን ሄዶ፣ መልሱ ዘጠኝ ቀን ተጉዞ እስኪመለስ ሰርቨሩ በመሀል ሊሞት ይችላል። በቅጽል ስም መጥራቴንም ይቅር ይበሉኝ። ቢሮው ውስጥ በዋናው ስምዎ ብጠይቅ “ማን?” አሉኝ። “ሁሉን ነገር ቋጥሮ የሚያስቀምጠው ሰውዬ” ስል ሁሉም ሳቁ።

ባለፈው ደብዳቤዎ ማሸግ የፈለግሽው ምኑን ነው ላሉኝ፦ ሁሉንም ነው። ጡረታ እስኪወጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት የወንዝ ልኬት ቢሮ ሰርቨር ዲስኩ እንደ አሮጌ ወፍጮ ማጓራት ጀምሯል። አዲስ ማሽን ታዟል። እሱ እስኪመጣ በየሠራተኛው ስም ያለውን ፎልደር፣ እርስዎ “ቤት” ማለት ያስለመዷቸውን፣ አንድም ነገር ሳይጎድል አሽጌ ማሻገር አለብኝ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ የወንዝ ለኪያችን የእትዬ ጎርፍ ቤት ነው። የሃያ ስድስት ዓመት የወንዝ ከፍታ፣ ቀን በቀን። በሰኔ መጨረሻ ለታችኞቹ ከተሞች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያወጡት ከዚያ ላይ አስልተው መሆኑን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እሱ ከጠፋ ክረምቱን በጨለማ መግባታችን ነው።

በጥቁሩ መስኮት፣ በትዕዛዝ ብቻ ከሚሠሩት ማሸጊያ ፕሮግራሞች አራት መርጫለሁ፦ ዚፕ፣ ታር፣ ሲፒአዮ፣ እና አብረውኝ የተመረቁት ልጆች የሚምሉበት አንድ አዲስ። ኃላፊው ግን “ዚፕ ይሁን፤ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጌ እንድከፍተው” ብለዋል። ጋሼ፣ የአርባ አንድ ሰው ቤት ሁለቴ ጠቅ ሊደረግ! ተመርቄ ስምንት ወር ሥራ ፈልጌ ያገኘሁት ይህንን ነው፤ የሙከራ ጊዜዬም ገና አላለቀም። የትኛውን ልያዝ?

ደግሞ አንድ ነገር፦ የእርስዎም ቤት እዚሁ አለ። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው። ምንድነው ያለው? ላሻግረው?

ከአክብሮት ጋር፣
ወንበርዎ ላይ የተቀመጠችው

•

ሚያዝያ 13

ልጄ፣

ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንዴት ነው ላልሽው፣ የጎረቤቴ ጄኔሬተር ሰፈሩን ሁሉ ያስለቅሳል፤ እኔ ብቻ በሰላም አድራለሁ። ተመስገን ነው።

ዚፕ ጥሩ ልጅ ነው፤ ለወዳጅ ፎቶ ለመላክ። የሰው ቤት ስታሽጊበት ግን ይሄ የማን ነበር፣ ማንስ እንዲገባ ተፈቅዶለት ነበር የሚለውን ይረሳል። ሲፒአዮ ኩሩ ነው፤ የሚጎርሰውን በዝርዝር ካላቀበልሽው አፉን አይከፍትም። አዲሱን አላውቀውም። እኔ የምለው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈታው ማን ነው? ታር እንደኔ ሽማግሌ ነው። ባለቤቱን፣ ፈቃዱን፣ ቀኑን፣ ሾርትከቱን ሳይቀር እንዳገኘው ያስቀምጣል። እንዳገኘው ነው ያልኩሽ፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ይሁንና ሲያስር ሁሉም ጎበዝ ነው። ማሸጊያ የሚመረጠው ሲፈታ ነው።

የአርባ አንዱን ስም ዝርዝር ማን ሰጠሽ? የእያንዳንዱስ እሽግ ክብደት ስንት ሆነ? እትዬ ጎርፍ መስክ የሚወጡት መቼ ነው?

የእኔን ቤት በተመለከተ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ወረቀቱ አለቀ።

ቋጠሮ

•

ሚያዝያ 25

ለጋሽ ቋጠሮ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወረቀቱ አለቀ ያሉኝ ግማሽ ገጽ ባዶ ትተው ነው። ይሁን።

ዝርዝሩን የሰጠኝ የሰው ኃይል ክፍል ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ አርባ አንድ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱም አይጎድልም። የለቀቁትን ኃላፊው “የሄደ ሰው ዕቃ አይከተለንም” ብለው ሰርዘዋቸዋል። እርስዎም ከተሰረዙት መሀል ነዎት። ለዚህ ነው ስለ ቤትዎ ደግሜ የምጠይቅዎ። አሁንስ ወረቀት አለ?

የዚፕን ነገር እርስዎ እንዳሉት አገኘሁት። በዚፕ አስሬ ስፈታው የአርባ አንዱም ሰው ቤት የእኔ ሆኖ ቁጭ! የሒሳብ ሹሙ የደመወዝ ፋይል ላይ ባለቤት ሆኜ ራሴን አገኘሁት። ስብሰባ ላይ ይህንን አቀረብኩ።

“ታዲያ ምን ችግር አለው?” አሉ ኃላፊው።

“ችግሩማ፣ የእርስዎንም ደብዳቤዎች ማንበብ እችላለሁ።”

ወዲያው ታር ጸደቀ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሦስት ሳምንት የተከራከርኩት በምክንያት ነበር፤ ያሸነፍኩት በእሳቸው ፍርሃት ነው።

ከዚያ ሁሉንም በታር አሰርኩ። እንዳዘዙኝም ፈታሁት፤ ሁሉም ተከፈተ። ክብደታቸውን ስለጠየቁኝ፦ ትልቁ የካርታ ሠሪው ነው፤ የእትዬ ጎርፍ ደግሞ የሚገርም ነው፣ ከሁሉም ትንሹ ሆነ። ቁጥር ብቻ ስለሆነ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የተፈታውን እትዬ ራሳቸው መጥተው ከፈቱት። አንዱን ዓመት ጎትተው አወጡና “ይሄ ያ ክፉ ሐምሌ ነው” ብለው እንደ ዘመድ አዩት። ነገ መስክ ይወጣሉ፤ ወር ያህል ይቆያሉ።

በጎበዝ ተማሪ ልብ “ጎበዝ” የሚል ቃል እየጠበቅሁ ነው። አንድ ብቻ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር

•

ግንቦት 5

ልጄ፣

የት ነው የፈታሽው?

ይህንን ሳትመልሺልኝ ከአሮጌው ማሽን ምንም አታጥፊ። ሌላውን በኋላ እጽፋለሁ።

ቋጠሮ

•

ግንቦት 15

ለጋሽ ቋጠሮ፣

ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለራስዎ አንድ ቃል አልጻፉም፤ ስለ ሥራዬም “ጎበዝ” አላሉም።

የት ነው የፈታሽው? እዚያው ነዋ! ሰርቨሩ ላይ፣ “ሙከራ” የሚል ፎልደር ከፍቼ። ሌላ የት ልፍታው፣ አዲሱ ማሽን ያኔ አልመጣ! ሰው ዘጠኝ ቀን ጠብቆ አንድ ጥያቄ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ቢያውቁ። ከእርስዎ የሚመጣው ሁሉ ጥያቄ ነው። ቤትዎ ውስጥ ምን አለ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ በጥያቄ መለሱልኝ። ፈተናዬን ጨርሼ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ለማንኛውም አልቋል። አዲሱ ማሽን ከተባለው ቀን ቀድሞ ደረሰ። አሮጌውን ቢሮው ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ዲስኮቹን ሙሉ በሙሉ እንዳጠፋ የጽሑፍ ትዕዛዝ ደረሰኝ። እሽጎቹን አዲሱ ላይ አራገፍኩ፣ የአርባ አንዱም ስም ወጣ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ጠዋት ነው። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ከምሳ በኋላ ማጥፊያውን አስነሳሁና ወደ ስብሰባ ገባሁ። ስመለስ ቆሞ ነበር። በማረጋገጫው ወረቀት ላይ “ተፈጽሟል” ብዬ ፈረምኩ።

ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት፤ ግን አልቀደውም።

ከአክብሮት ጋር

•

ግንቦት 13
(ግንቦት 22 የደረሰ)

ልጄ፣

መልስሽን መጠበቅ አልቻልኩም። ከስምንት ቀን በፊት የጠየቅሁሽን ጥያቄ ያኔውኑ ራሴ መመለስ ነበረብኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሠራተኞች ቤት ያለበት ዲስክ ሞልቶ ሞት አፋፍ ደረሰ። ሁለተኛው ዲስክ ላይ፣ እኔ ቤት ባለበት፣ ሰፊ ቦታ ነበር። እናም “ለሳምንት ብቻ” ብዬ የእትዬ ጎርፍን ልኬቶች ወደ እኔ ቤት አዛወርኳቸው። እሳቸው ቤት ውስጥ ሾርትከት ተከልኩ፤ ሲነኩት የእኔ ቤት ይከፈታል። እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። አዲስ የጻፉትም ሁሉ በዚያው በር አልፎ እኔ ጋ ይገባል። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። አብሬ ያዛወርኩትን የካርታ ሠሪውንማ መልሼለት ነበር፤ የእሳቸውን ግን ዛሬ ነገ ስል ጡረታዬ ደረሰ።

የዚያን ጊዜው ኃላፊ “ያለ አዲስ ዲስክ ችግሩን ስለፈታ” ተብሎ የምስጋና ወረቀት ጻፈልኝ። ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ የሚያነበው እሱን ነው።

ታር ሾርትከቱን እንዳገኘው ያስቀምጣል፤ እሽጉ ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው። እዚያው ማሽን ላይ ከፈታሽውም ሁሉም ይከፈታል፤ የእኔ ቤት አለና። ሌላ ማሽን ላይ ግን በሩ እንጂ ክፍሉ የለም።

ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቄዋለሁ። አንቺ ጠይቀሽኝ “እኔ ነኝ” ማለት አቃተኝ። አስተማሪ መስዬ ጥያቄ ውስጥ ተደበቅሁ፤ ራስሽ ደርሰሽበት ራስሽ በዝምታ ታስተካክይዋለሽ ብዬ። የእኔን ቤት አታጥፊ። በመጀመሪያ እሱን አሻግሪ።

ይቅር በይኝ።

ቋጠሮ

•

ግንቦት 24

ጋሽ ቋጠሮ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍም።

ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት እትዬ ጎርፍ ከመስክ ተመለሱ። ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ቤታቸውን ከፈቱ። የሾርትከቱ ስም በቀይ ወጣ።

“ይሄ ለምን ቀላ?” አሉኝ።

“ቀይ ሲሆን… መንገዱ አለ፣ የሚያደርስበት ቦታ የለም ማለት ነው።”

“እኔ የመጣሁት ለመንገዱ ነው እንዴ?”

ደግመው ነኩት። “እንዲህ ያለ ፋይል የለም” ይላል። ሦስተኛም ነኩት። ከዚያ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

“ስሚ አንቺ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወንዝ ለክቻለሁ። ሞልቶብኝ ያውቃል፣ ጎድሎብኝ ያውቃል። እንዲህ ከነአካቴው ጠፍቶብኝ ግን አያውቅም።”

የወረቀት መዝገቦቹስ ብዬ ጠየቅኋቸው። “ቋጠሮ ነው ያስጣለኝ። ‘እትዬ፣ ሰርቨር ላይ እያለ ወረቀት ለአይጥ ነው’ ብሎ።” ይህንን ሲሉ ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለኃላፊው እኔ ነኝ ብያለሁ። ውሸትም አይደለም። ጥያቄዎን አንብቤ፣ በእልህ ከምሳ በኋላ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የእርስዎን ግን አልተናገርኩም። ለእርስዎ አዝኜ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ ራስዎ እንዲናገሩት ስለፈለግሁ ነው። ኃላፊው “በጽሑፍ አቅርቢ” አሉኝ። አቅርቤያለሁ። እትዬ ጎርፍ ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሊወጣ የቀረው አንድ ወር ነው።

አራት ማሸጊያ ስመዝን ከረምኩ። የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ያሳንሳል፣ የትኛው ባለቤቱን ያስታውሳል እያልኩ ጠረጴዛ ሠርቼ አስቀመጥኩ። ከአራቱ አንዱም “ሽማግሌው ምን ደብቋል?” ብሎ አይጠይቅልኝም።

አሁን ደግሞ ምን ሊጠይቁኝ ነው?

•

ሰኔ 3

ልጄ፣

ለኃላፊው ጽፌያለሁ። ያደረግሁትን፣ ዓመቱን፣ አንቺ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ እንዳልመለስኩ፣ ሁሉንም። የምስጋና ወረቀቱንም ከግድግዳ አውርጄ አብሬ ላክሁት። ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ ልጄ “አባዬ፣ ምን ነበር እዚህ?” አለችኝ። ነገርኳት።

ለእትዬ ጎርፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። እጽፋለሁ።

አትቆጪ፣ አንድ መጠየቅ አለብኝ። ይሄኛው መደበቂያ አይደለም፤ ምክንያቱን አብሬ እነግርሻለሁ። ከስብሰባ ስትመለሺ ማጥፊያው “ቆሞ ነበር” ብለሻል። ጨርሶ ነው የቆመው ወይስ አቅቶት? ሁለተኛው ዲስክ የታመመ ቦታ አለው። እኔ አውቀዋለሁ፤ ዓመታት በዙሪያው እየዞርኩ ኖሬያለሁ። ማጥፊያው ግን መዞር አያውቅም። ከመጀመሪያው ተነስቶ እየጠረገ ሲሄድ እዚያ ከደረሰ “አልችልም” ብሎ እንዳለ ይተዋል። እንደዚያ ከሆነ ከታመመው ቦታ ወዲያ ያለው ሁሉ አልተነካም። ማሽኑ ለትምህርት ቤቱ ካልተሰጠ አሁኑኑ ዲስኩን አውጪና ምንም አትጻፊበት።

ካልሆነ ግን አላውቅም። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ቋጠሮ

•

ሰኔ 18

ለጋሽ ቋጠሮ፣

እንደምን ከረሙ? ልጅዎንም ሰላም በሉልኝ።

አቅቶት ነበር የቆመው። መጨረሻ ላይ ያለውን መስመር አላነበብኩትም፤ ጸጥ ሲል ጨረሰ ብዬ ነው የፈረምኩት። ደብዳቤዎን እንደያዝኩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሮጥኩ። ማሽኑ በተሰበሩ ወንበሮች መሀል ተቀምጦ አገኘሁት። “ለምን አልሄደም?” አልኩት ግምጃ ቤት ጠባቂውን።

“የርክክብ ወረቀቱ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ሁለት ነው ያለው።”

“ሦስተኛው የማን ነው?”

“ያንቺ።”

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከጽዋው ስር ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ስንት ጊዜ ተራግሜያለሁ!

ዲስኩን አውጥቼ መልሶ ማግኛ ፕሮግራም ሰጠሁት፤ አንድ ሌሊት ፈጀ። የጠፋው የመጀመሪያው ክፍል የፋይሎቹ ስም የተጻፈበት ነው። ስለዚህ ውስጣቸው ተረፈ፣ ስማቸው ሞተ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት ፋይል፣ ሁሉም ቁጥር በቁጥር፣ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ወር፣ የትኛው ድልድይ እንደሆነ ምንም የማይናገር። የቀሩት ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ የሉም፤ አይመለሱም።

ለእትዬ ጎርፍ ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አንዱን እከፍታለሁ፣ እሳቸው በሌንሳቸው ዝቅ ብለው ያነባሉ።

“ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ሁለት ከአርባ፣ ሦስት ከሰባ… ኧረ አውቄሃለሁ! ይሄ የታችኛው ድልድይ የተወሰደበት ነሐሴ ነው። ጻፊ።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“ልጆቼን የወለድኩበትን ቀን ብትጠይቂኝ ይሻልሻል፤ እሱን እሳሳት ይሆናል።”

ድርቅ የሆኑትን ዓመታት ሲያገኙ ድምፃቸው ይቀንሳል። አንዱን ወር ደግሞ አይተው ሳቁ፤ ለካ መለኪያው ዘንግ ላይ ላም ታስራበት ለሳምንት የተሳሳተ ቁጥር ሲመዘገብ የነበረ ነው። በቀን ከሁለት መቶ በላይ ሰይመናል። በየማታው ደግሞ ታስሮ፣ ከዚህ ማሽን ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ሌላ ማሽን ላይ ይፈታል። አሁን ስለ ማሸጊያው ማንም አይከራከረኝም፤ እኔም አልከራከርም።

ኃላፊው የእርስዎን ደብዳቤና የእኔን አንድ ላይ በክሊፕ አያይዘው መሳቢያ ውስጥ አስገብተዋል። የእኔ ነገር ከማስጠንቀቂያው በኋላ ይወሰናል አሉ። ልባረርም እችላለሁ። ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ይህን ወንዝ ገና አሁን ነው ማወቅ የጀመርኩት።

ለእትዬ እጽፋለሁ ያሉት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። አንብበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የተናገሩት ይህንን ብቻ ነው፦ “አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱ ተከራይ ሆኜ፣ አንድ ቀን እንኳ ቡና አልጠራኝም።”

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሰማንያ ሦስት ፋይሎች ቀርተዋል፤ እትዬ ሊያውቋቸው አልቻሉም። “እነዚህ የላይኛው ጣቢያ ናቸው። እኔ መስክ ስሆን ጆሮው ደህና በነበረ ጊዜ ቋጠሮ በስልክ እየተቀበለ የጻፋቸው ናቸው” አሉ። የላይኛው ጣቢያ ከሌለ ውሃው ታች ከመድረሱ በፊት ስንት ሰዓት እንዳለን ማስላት አይቻልም። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ከዛሬ በአሥረኛው ቀን ነው፤ ፖስታ ሄዶ አይመለስም። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ ያመጣልዎ የመስክ መኪናችን ሹፌር ነው፤ በዓመት አንዴ በእርስዎ በኩል ያልፋል። ሰማንያ ሦስቱንም በትልልቁ አትሜ አያይዣለሁ። እስኪጨርሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተነግሮታል።

ከእያንዳንዱ ገጽ ጎን ወሩንና ዓመቱን ይጻፉልኝ። የማያውቁት ካለ “አላውቅም” ብለው ይጻፉ፤ እኛ ባዶ እንተወዋለን። በግምት ግን አይሙሉ። ጥያቄም አይጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልጅዎ